የእማሆይ ድመትና የእኔ ዶሮዎች



እሁድ ከአምልኮ በኋላ እህቶች ከበውኝ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ ስለ ጸሎትና ስለ ትዳር ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። በጓሮዬ ዶሮ እንደማረባ ስለሚያውቁ ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ፣ «ቤታችን ድመት አለች፤ ዶሮ ብናስገባ ትፈጅብን ይሆን?» ብለው ነው። በተለይ የበዓል ሰሞን ይህ ጥያቄ አይቀርልኝም።

መልሱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ለጫጩት አዎን፣ ድመት አደገኛ ናት። ለደረሰች ዶሮ ግን እምብዛም አያሰጋትም። ይህችን አጭር መልስ ያገኘኋት ግን ከመጽሐፍ አይደለም። ከፍዬባታለሁ። ከእኔ ይልቅ ደግሞ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ከፍለውባታል። ስለዚህ ታገሡኝና ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ወር ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ ተነገረ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባም ተቋረጠ። እኛም ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ቢሾፍቱ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ግቢ ተከተትን። ምእመናን በማይሰበሰቡበት ጊዜ የመባው ሣጥን ምን እንደሚመስል የአገልጋይ ቤተሰብ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ቢሾፍቱ ከሐይቆቿ ሌላ በዶሮ እርባታ የታወቀች ከተማ ናት፤ የዶሮ ምርምርም የእንስሳት ክትባት ማምረቻም እዚሁ አለ። እኔም ለክፉ ቀን ካስቀመጥናት ላይ ቆንጥሬ በግንቦት ወር 20 የ45 ቀን ጫጩቶች ገዛሁ። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ደግሞ አንድ ገብስማ የሐበሻ ዶሮ ሰጥተውኝ ነበር፤ እርሷን 11 እንቁላል አስታቀፍኳት። በ21ኛው ቀን ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች። ልጆቼ ያን ቀን ምሳ መብላት እስኪረሱ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሡም።

ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ማዶ እማሆይ ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቆብ የደፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ሦስተኛዋን ልጄን ስወልድ ገንፎ አገንፍተው ያበሉኝ፣ ሌሊት ሕፃኗ ስታለቅስ በአጥሩ ላይ «ምነው? ሆዷን ነው እንዴ?» የሚሉኝ እርሳቸው ነበሩ። ስለ ሃይማኖት ተከራክረን አናውቅም። እርሳቸው በጾማቸው፣ እኛ በጸሎታችን፤ በበዓል ቀን ግን ዳቦው ከወዲያ ወደዚህ፣ ከወዲህ ወደዚያ ይሻገር ነበር። እማሆይ ውሮ የምትባል ዝንጉርጉር ድመት ነበረቻቸው። ማታ ማታ «ውሮ! ውሮ!» የሚለው ድምፃቸው ለእኛ ሰዓት እንደሚነግረን ደወል ነበር።

የዶሮዎቼ ቤት ከአሮጌ ሳንቃና ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ባለቤቴ «ሰኞ እሠራዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ሰኞ የመጋቢ የዕረፍት ቀን ነው ይባላል፤ እኔ ግን ሰኞ ያረፈ መጋቢ አላየሁም። በዚያ ወራት ደግሞ ሥራ ላጡ የቀን ሠራተኞች እህል ለማድረስ፣ ማዕድ ለማጋራት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይሮጣል። ስልኩም አያርፍም። አንድ ሰኞ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ አምስተኛውም አለፈ። እኔ አንድ ጊዜም በቁጣ አልተናገርኩትም። ሰው ሲራብ እኔ ስለ ዶሮ ቤት ላጉረምርም? እያልኩ ዋጥኩት። ዋጥኩት ብዬ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ፣ ጫጩቶቹ ሁለት ሳምንት ሲሆናቸው፣ በቀትር አንዷ ጠፋች። ትንሿ ልጄ ውሮ ብጫ ነገር በአፏ ይዛ አጥሩን ስትዘል አየች። ላባ እንኳ እምብዛም አልቀረም። ይህኛው በእርግጥ የውሮ ሥራ ነው፤ ዛሬም አልክድላትም። ለድመት ጫጩት ማለት ከወፍና ከአይጥ የማትለይ፣ የምትንጫጫና የምትሮጥ ነገር ናት። የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ካየች መዝለል ተፈጥሮዋ ነው። የጠገበች ድመት እንኳ ታድናለች፤ ማደንና መራብ ለድመት አንድ ነገር አይደሉም። ሄጄ ለእማሆይ በትሕትና ነገርኳቸው፤ እጅግ አፈሩ። ውሮን ቀን ቀን ቤት ይዘጉባት ጀመር። እኔም ጫጩቶቹን ቅርጫት ደፋሁባቸው፤ እናቲቱ በውጭ እየዞረች ትቆጣ ነበር። ነገሩ በዚሁ በሰላም አለቀ።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ማለዳ ግን የዶሮ ቤቱን ስከፍት ከቄቦቹ አራቱ ሞተው አገኘሁ። በሌሎቹ ዶሮዎች ላባ ላይ፣ በግድግዳው ላይ ደም ነበር። ሁለቱ አንገታቸው ተነክሷል፣ ሁለቱ ጭንቅላት የላቸውም። ሥጋቸው ግን አልተበላም። አንድ ወር ቢቆዩ እንቁላል ሊጥሉ የነበሩ ቄቦች ናቸው። ቀና ስል ውሮ አጥሩ ላይ ተቀምጣ፣ የጠዋት ፀሐይ እየሞቀች፣ መዳፏን ትልሳለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በቤት ጫማዬ፣ ሻሼን እንኳ በቅጡ ሳላስር ወጣሁ። እማሆይ በረንዳቸው ላይ ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። የሞተችውን ቄብ በእግሯ አንጠልጥዬ፣ «ባለፈው ጊዜ ይቅር ተባባልን፤ ምን ዋጋ አለው? ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ!» አልኳቸው።

ተረቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ ይተርተዋል። እኔ ግን የተረትኩት ቆብ በደፉ እናት ፊት ነው።

እማሆይ መጽሐፋቸውን አጠፉ። እጃቸው ወደ ቆባቸው ሄደና ቆመ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የፓስተር ባለቤት። ካሣውን እከፍልዎታለሁ» አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ልጄ» እና «አንቺ» ሲሉኝ የኖሩ እናት «እርስዎ» አሉኝ። ለማያውቅ ሰው ማክበር ይመስላል። እኔ ግን በሩ ሲዘጋ ሰማሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሲገባ ሁሉንም ነገርኩት፤ ተረቱን ግን ዘለልኩት። እርሱም ቄቦቹን እያገላበጠ አየና፣ «ስትገድል አይተሻታል?» አለኝ።

«ሰኔ ላይ ልጅህ አይታታለች!»

«እርሱ ጫጩት ነው። ይህንን አይተሻል ወይ?»

አሁን ሳስበው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ያን ጊዜ ግን ከእኔ ይልቅ ለጎረቤት የቆመ መሰለኝ። «አንተ ለሰው ሁሉ ጊዜ አለህ፣ ለቤትህ ጥያቄ ብቻ ይዘህ ትመጣለህ» አልኩት። እርሱም መለሰ፣ እኔም መለስኩ። ልጆቹ ከክፍላቸው አልወጡም። ያን ሌሊት ጀርባና ጀርባ ሆነን አደርን።

ባለትዳር የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ ብዬ አስባለሁ። አምስት ሰኞ የዋጥኩት ነገር የትም አልሄደም ነበር። ለባሌ ያልተናገርኩትን ለድመቲቱ ተናገርኩት፤ ድመቲቱ ስለማትሰማ ደግሞ በባለቤቷ ላይ አፈሰስኩት። በማግስቱም ለባሌ ልመልሰው ሞከርኩ። ንዴት እንዲህ ነው፤ የተላከበትን አድራሻ ስቶ ሌላ ሰው በር ላይ ያንኳኳል።

በሳምንቱ ማታ «ውሮ! ውሮ!» የሚለው ድምፅ ቀረ። እማሆይ ድመቲቱን ለገበያ ለመጣች አንዲት የገጠር ሴት ሰጥተዋት ነበር። ሴትዮዋ በቅርጫት ከታ፣ ከላይ በጨርቅ አስራ እንደወሰደቻት ልጆቼ ነገሩኝ። ትንሿ ልጄ አለቀሰች። እኔ ግን ዕረፍት አገኘሁ ብዬ አሰብኩ።

ዕረፍቱ ሁለት ሳምንት አልሞላም። መጀመሪያ የመኖ ጆንያው ከሥሩ ተቀደደ። ቀጥሎ የገብስማዋ እንቁላል ይጠፋ ጀመር። አንድ ማለዳ ደግሞ አንዲት ጫጩት ግማሽ አካሏ በግድግዳው ሥር ባለ ጉድጓድ ውስጥ ተጎትቶ አገኘሁ። አይጥ ነው። ለካስ ውሮ በሁለቱም ግቢ አይጥ ስትጠብቅልን ኖራለች፤ ደሞዟም በዓመት አንዲት ጫጩት ሆና ተገኘች። አይጥ እንቁላል ይሰርቃል፣ ጫጩት ይገድላል፣ መኖውን ከመብላቱ በላይ በሽንቱና በኩሱ ያበላሸዋል። ድመት ማረፊያዋን ባደረገችበት ግቢ ግን ትንንሾቹ አይጦች እንደ ልባቸው አይወጡም።

ከዚያም በነሐሴ የመጀመሪያ ቀናት አንድ ማለዳ ሦስት ቄቦች እንደ ፊተኞቹ ሆነው ሞተው አገኘሁ። አንገት፣ ጭንቅላት፣ ደም። ውሮ ከከተማው ከወጣች ሰንብታለች። እዚያው የዶሮ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አልታዘዘኝም።

ባለቤቴ ያን ቀን «አላልኩሽም?» አላለኝም። ይህንን ሁልጊዜ አስብለታለሁ። ከምእመናን መካከል የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነ ወንድም አለን፤ ደውሎ ጠራው። ወንድማችን የሞቱትን ቄቦች እያየ እንደ መርማሪ ይጠይቀኝ ጀመር። ሌሊት ነው ቀን? በአንድ ጊዜ ስንት? ከየት ተነከሱ? ተወስዳ የጠፋች አለች? ከዚያም አስረዳኝ። ለእናንተም ይጠቅማችኋልና የነገረኝን ላካፍላችሁ።

ድመት ጫጩት ከወሰደች አብዛኛውን ጊዜ አንዷን ይዛ ትሄዳለች፤ የምትቀረው ላባ ትንሽ ናት። ያደገችን ዶሮ ግን ታከብራለች። የቤት ድመት ክብደቷ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ክንፏን ዘርግታ፣ መንቆሯን አሹላ የምትመጣ ዶሮ፣ በተለይም ጫጩት የያዘች እናት ወይም አውራ ዶሮ፣ ለድመት ዓይንና አፍንጫ ጥሩ ዜና አይደለችም። ድመት ቁስል የሚያመጣባትን አደን አትወድም። ስለዚህ አደጋው የሚበዛው ጫጩቶቹ ሁለት ወር ገደማ እስኪሞላቸው ነው፤ ከዚያ እያደጉ ሲሄዱ ስጋቱ ይቀንሳል። የታመመች፣ ትንሽ ወይም ብቻዋን የተዘጋባት ዶሮ ከሆነች፣ ድመቲቱም ባለቤት የሌላትና የተራበች ከሆነች፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

በቀን፣ ከሜዳ ላይ፣ ድምፅ ሳይሰማ ጫጩት ከጠፋ ደግሞ ወደ ሰማይ ተመልከቱ፤ ጭልፊት ነው። ውሻ ከገባ በቀን ብርሃን ያደጉትን አሳድዶ ይገድላል፤ ላባውንም ግቢውን ሙሉ ይበትነዋል። በአንድ ሌሊት፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ብዙ ዶሮ አንገቱን ተነክሶ ጭንቅላቱ ብቻ ተበልቶ ከተገኘ ግን፣ አለ ወንድማችን፣ «ይህ የሸለምጥማጥ ሥራ ነው»።

ሸለምጥማጥን በስሙ እንጂ በመልኩ የምናውቀው ጥቂቶች ነን። ቀጠን ያለ፣ ነጠብጣብ ጸጉር ያለው፣ ረጅም ጭራው ቀለበት ቀለበት የሆነ የሌሊት አውሬ ነው። ክብደቱ ከድመት አይበልጥም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ያንሳሉ። ዛፍ ይወጣል፣ ጣሪያ ላይ ይሄዳል፣ ጭንቅላቱን ያስገባበት ቀዳዳ ሌላውን አካሉንም ያስገባዋል። ዶሮ በጨለማ እምብዛም አታይም፤ ሲገባባት ትደነግጣለች፣ ትንፈራገጣለች፣ መውጫም የላትም። እርሱ ደግሞ የሚንፈራገጥ ነገር እያለ መንከሱን አያቆምም። ስለዚህ ነው ከሚበላው በላይ የሚገድለው።

ባለቤቴ በባትሪ ሁለት ሌሊት ጠበቀ። በሦስተኛው ሌሊት ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝና አፌን በእጁ ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ። በዶሮ ቤቱ ጣሪያ ጫፍ ላይ ሁለት ዓይኖች በባትሪው ብርሃን እንደ ፍም በሩ። ረጅሙ ጭራው ቀለበቶቹን ቆጥሮ በግንቡ ላይ አለፈ። የገባበት ቀዳዳ ያው በየሰኞው ሲዘገይ የኖረው የጣሪያው ክፍተት ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ለልጃችን ሰጠና መዶሻ አነሣ። ጣት የማያስገባ ጠባብ ሽቦ በክፍተቱ ዙሪያ መታ፣ ግድግዳውን ከሥሩ በድንጋይና በሲሚንቶ ያዘ፣ በሩ ላይ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ጨመረ። ሥራው ስድስት ሰዓት አልፈጀም። ማታ እጁ በሽቦ ተቧጭሮ ተቀምጦ ሳለ፣ «አምስቱን ሰኞ ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?» አለኝ። «የሰው ረሃብ እያለ ስለ ዶሮ ማውራት አፍሬ» አልኩት። «እኔ ደግሞ ዝም ስትዪ ችግር የለም ብዬ ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው ስለ ተረቱ የነገርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሳታስቢው ነው የወጣሽ?» ሲለኝ፣ አዎን ልለው ነበር። ግን አልነበረም። አፌ ላይ ሲመጣ ማንን እንደሚነካ አውቄ ነበር፤ ለአንድ ቅጽበትም ደስ ብሎኝ ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የዘፍጥረትን መጽሐፍ ተምሬያለሁ፤ ስለ ያዕቆብም ብዙ ጊዜ አስተምሬያለሁ። በዚያ ሌሊት ግን ዘፍጥረት 37ን ስከፍት እንደ አዲስ ታየኝ። ያዕቆብ በፍየል ደም የተነከረውን ቀሚስ አይቶ ክፉ አውሬ ልጁን እንደበላው ፈረደ። ደሙ እውነተኛ ደም ነበር፤ ሐዘኑም እውነተኛ ሐዘን ነበር። አውሬው ግን አልነበረም። ጥፋቱ ያለው ከእርሱ ቤት ሰዎች ዘንድ ነበር፤ ሊያጽናኑትም ከበውት ተቀምጠው ነበር።

እንደ መስክ ማስታወሻ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ውሻ፣ አህያ፣ ቀበሮ፣ አውራ ዶሮ በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ ስማቸው ተጠርቷል፤ የቤት ድመት ግን አንድም ቦታ የለችም። እኛ ጋ ግን በተረታችን ሁሉ ውስጥ አለች፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ተከሳሽ ሆና። ዶሮዋ ግን ዕድለኛ ናት። በሉቃስ 13 ጌታ ሄሮድስን በቀበሮ ከመሰለ በኋላ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ራሱን ጫጩቶቿን በክንፏ በምትሰበስብ ዶሮ መሰለ። ይህንን ምዕራፍ ያነበብኩት ስንት ጊዜ ነው! ጭልፊት በላያችን ሲያንዣብብ ገብስማዋ አንዲት ድምፅ አሰምታ ጫጩቶቹ ሁሉ ከክንፏ ሥር ሲገቡ፣ እርሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ከውጭ ስትቀር እስካይ ድረስ ግን ቀበሮውና ዶሮዋ ጎን ለጎን እንዳሉ አላስተዋልኩም ነበር።

ወደ እማሆይ ቤት የሄድኩት በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ባለቤቴ አብሮኝ ሊመጣ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ብቻዬን ያልኩትን ብቻዬን መሄድ አለብኝ አልኩት። ዶሮዎቹን የገደለው ሸለምጥማጥ እንደነበር ነገርኳቸው። እርሱን መናገር ቀላል ነበር። ከዚያ፣ «ተረቱን የተረትኩት አውቄ ነው። እርስዎን ሊነካ እንደሚችል እያወቅኩ ነው» አልኳቸው።

እማሆይ ለረጅም ጊዜ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዝም አሉ። «ተረቱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ቆብ ከደፋሁ ወዲህም ስንቱ ብሎኛል፤ ልጆችም በመንገድ ይሉኛል» አሉ። «ከእርስዎ ቤት ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።»

ከዚያ ተነሥተው ቡና አፈሉ። እርሳቸው እየጾሙ ስለነበር አልቀመሱም። ያን ቡና፣ ውድ አንባቢያን፣ ብቻዬን ጠጣሁት። ሦስቱንም ስኒ። ይቅር ብለውኛል ወይስ አላሉኝም ብዬ በየስኒው አስብ ነበር። ስወጣ «እግዚአብሔር ይባርክዎ» አሉኝ። አሁንም «እርስዎ» ነው።

ውሮን ልናስመልስ ሞከርን፤ ባለቤቴ ገበያ ድረስ ሄዶ ሴትዮዋን አፈላለገ፣ የሚያውቃት አልተገኘም። በመስከረም ግን አንዲት እህት ቤት ድመት ወልዳ ስለነበር፣ ሁለት ወር የሞላትን አንዲት ግልገል ጠይቄ ወሰድኩ። እማሆይ «አንዴ የሰጡትን መልሶ መመኘት አይገባም» ብለው እምቢ ሊሉ ፈለጉ። ትንሿ ልጄ ግልገሏን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ሮጠች። ነገሩ ያለቀው በዚህ ነው።

በዚያው ሰሞን ግልገሏን ከዶሮዎቹ ጋር ያስተዋወቅናት እንዲህ ነው። በልተው ከጠገቡ በኋላ፣ እኔ እያየሁ፣ ወደ ገብስማዋ አቀረብናት። ገብስማዋ ላባዋን ነፍታ ቀረበችና በመንቆሯ አፍንጫዋን አንድ ጊዜ ነቆረቻት። ግልገሏ እስከ ዛሬ ያደገች ዶሮ ስታይ ዞራ ትሄዳለች። ድመታችሁን በልጅነቷ ከትልልቅ ዶሮዎች ጋር ማለማመድ ከተቻለ ይህ ከሁሉ ይሻላል፤ ከጫጩት ጋር ግን የቱንም ያህል ጨዋ ብትሆን ብቻዋን አትተዉአት። በበዓል ዶሮ ስታርዱም ጥሬ አንጀትና ጭንቅላት አትወርውሩላት። የዶሮ ጣዕም ከማስለመዱ ሌላ፣ ድመት ከጥሬ ሥጋ የምትይዘው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ አለ፤ በዓይነ ምድሯ ወጥቶ አፈር ይበክላል፣ መሬት ጭረው የሚበሉ ዶሮዎችም ይይዙታል፣ ለእርጉዝ እናትና ለጽንሷም አደገኛ ነው። እርጉዝ የሆናችሁ እህቶች የድመት ዓይነ ምድር አትጥረጉ፤ የዶሮ ቤት ማጽዳቱንም ለባሎቻችሁ ተዉት፤ የዶሮውን ሥጋ ግን በደንብ ከበሰለ ሳትሰጉ ብሉት። የእኛ ዶሮ ወጥ ደግሞ በእሳት ላይ የሚቆየውን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

ደግሞም ድመትንም ሸለምጥማጥንም አንድ ላይ ቢደምሯቸው ፈንግልን አያህሉም። መንደር ሙሉ ዶሮ በሳምንት ውስጥ የሚፈጀው እርሱ ነው፤ ለእርሱ ደግሞ ሽቦም መቀርቀሪያም አይረዳም፣ ክትባት እንጂ። ወንድማችን ያን ቀን ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከትበሻል?» ብሎ ነበር። እኔ ግን ድመት ሳሳድድ የገብስማዋን ጫጩቶች ሳላስከትብ ከርሜያለሁ።

እማሆይ አዲሲቱን ድመት ምን ብለው እንደሰየሟት ታውቃላችሁ? «ጴንጤ» አሏት። ከጴንጤ ቤት ስለመጣች ነው። መጀመሪያ ማታ «ጴንጤ! ጴንጤ! ነይ እራትሽን ብዪ!» የሚለው ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ሲሰማ ባለቤቴ ጸሎት ላይ ነበር፤ ጸሎቱን መጨረስ አቅቶት ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ። እኔ ግን ሳቄ ከእንባ ጋር ተቀላቀለብኝ፤ እማሆይ ከሐምሌ ወዲህ በአጥሩ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጣሩ የሰማሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያ ነበር።

«እርስዎ» ማለታቸውን ያቆሙት ግን እስከ ጥር ድረስ ቆይተው ነው። ከጥምቀት ማግስት አንድ ምሽት ልብስ ሳስገባ ከማዶ ተጣሩ። «ልጄ!» አሉ። ሌላ ሰው የጠሩ መስሎኝ ዝም አልኩ።

«ልጄ፣ አትሰሚም እንዴ? መሽቷል እኮ፣ ዶሮዎቹን ዘግተሻል?»

«አልዘጋሁም፣ እማሆይ» አልኩና ልብሱን ጥዬ ሄድኩ።